በጉድጓድ የከረመ አደራ

ሙሚና ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ጫማዋን እያሰረች ሳለ ወንድሟ እንድሪስ ለእናታቸው የሚያንሾካሹከውን ሰማች። «ሰውዬው ከጠየቀ ሙሚና ነካክታው ተበላሸ ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?» አለ። ሹክሹክታው ለግማሽ ሰፈር ይበቃል፤ እንድሪስ ከነጋ እስኪመሽ ባጃጅ ላይ ስለሚውል ቀስ ብሎ መናገር ከተወ ቆይቷል። ሙሚና እጇ ማሰሪያው ላይ እንዳለ ቀረ። እናቷ ዓሊማ ምን እንደምትመልስለት ጠበቀች። ዓሊማ ግን ክፉም ደግም ሳትናገር ብርጭቆዎቿን ማጠቧን ቀጠለች። ያ ዝምታ ሙሚናን ከወንድሟ ንግግር ይልቅ አንገበገባት። አራት ወር ሙሉ በዚያ ላፕቶፕ የሰው ማመልከቻ እየጻፈች ያመጣችውን ብር ይህ ቤት በልቶታል፤ የእንድሪስ ባጃጅ የኋላ ጎማም የወጣው ከዚያው ነው። «ተቀምጦ ከሚበላሽ ሥሪበት እንጂ፣ ማን ያይሻል?» ያላትም እሱ ራሱ ነበር። ሌባ ሲሰርቅ ሳይሆን ሲካፈል ይጣላል ይባላል፤ እነሱ ደግሞ ተካፍለው ከጨረሱ በኋላ መጣላታቸው ነው።

ላፕቶፑ የመምህር ገዛኸኝ ነው። ገዛኸኝና ባለቤቱ ኤልሳቤጥ በዚሁ ግቢ፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተከራይተው ኖረዋል። ጦርነቱ ቆቦ የደረሰ ክረምት ልጃቸው መቅደስ ወዳለችበት ደብረ ብርሃን ሲሸሹ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ትተው ወጡ፤ ላፕቶፑን ግን ኤልሳቤጥ በፎጣ ጠቅልላ ለዓሊማ አስረከበች። «አደራሽን» አለቻት፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ዓሊማም እንደ አገሩ ደንብ ማሽላ በሚቀበርበት የግቢው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከማሽላው መሐል አስቀበረችው። አምስት ወር እዚያ ከረመ። ታጣቂዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ዓሊማ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁርበት አንጥፋ፣ በሽተኛ መስላ፣ ቀኑን ሙሉ ተኝታበት ዋለች። አገር ሲረጋጋ ላፕቶፑ ወጣ፤ ተከፈተ፤ ሠራ። ገዛኸኝ ግን ኤልሳቤጥ ታማበት ሊመጣ አልቻለም፤ ስልክ በደወለ ቁጥር «እናንተ ዘንድ ካለ ከባንክ ይሻላል» ይል ነበር። ባለፈው ዓመት ኤልሳቤጥ ሞተች። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ዓሊማ ለቅሶ አልደረሰችም። ከዚያን ቀን ወዲህ የኤልሳቤጥን ስም ከአፏ አውጥታ አታውቅም።

ትናንት ከቀትር በኋላ ገዛኸኝ ከመንገድ ላይ ደወለ። ወልድያ ሊያድር ነው፤ ነገ ቆቦ ይገባል። «ሙሚናዬ፣ የኤልሳ ሙት ዓመት ደርሷል» አላት። «ስልኬ ከጠፋ ወዲህ ድምጿ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። የመቅደስ ምርቃት ጊዜ የቀረጽኩት። ሌላው ቢቀር ግድ የለኝም።» ሙሚና «እሺ ጋሼ» አለችው። ላፕቶፑ ከሦስት ሳምንት በፊት ጥቁር ገጽ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ጽፎ፣ ሆዱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ አልነሳም ብሏል። እንድሪስ ይህን ሲሰማ አራት ሺህ ብር አምጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠላት። «አዲስ ሃርድ ዲስክ ይግባበትና ይብራ፤ ከበራ በቃ» አለ። ለእሱ ላፕቶፕም እንደ ባጃጅ ነው፤ ሞተሩ ቢቀየር መንገደኛው ምን ቸገረው።

ፈንታው ከመነኸሪያው ጀርባ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዱ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ ቆሞ የሚያወራበት ነው። ሦስት ሰዓት ገና ሳይሞላ ቆርቆሮው መንጣጣት ጀምሯል፤ ማራገቢያው የሞቀውን አየር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ፈንታው ጨዋታ ይወዳል፤ ሙሚና ግን ዛሬ ጨዋታ የሚያስችል ፊት አልነበራትም። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ዛሬውኑ እንደምትፈልገው ነገረችው። እሱም ከመሳቢያው ሦስት ዓይነት ዲስክ አውጥቶ እንደ ካርታ ተጫዋች ዘረጋላት።

«ይሄ» አለ እንደ ማስቲካ የቀጠነውን ብድግ አድርጎ፣ «ለዚህ አይሆንም። ያንች ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ መሰኪያው የለውም። ይሄ ኤስኤስዲ ግን ይገባል፤ አዲስ ነው፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋ፣ አራት ሺህ ብር። ይሄኛው ደግሞ የሰው እጅ ያየ ነው፤ አምስት መቶ ጊጋ፣ እንደ ድሮው የሚሽከረከር፣ ሁለት ሺህ።»

«የቱ ይሻላል?»

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል አልልሽም፤ ልዩነት አላቸው። ለሥራ ከሆነ አዲሱን ውሰጅ። ሻይ ሳይቀርብልሽ ተከፍቶ ይጠብቅሻል። ያገለገለው ግን እንኳን ለመነሳት ለመንቃትም ያስባል፤ መቼ እንደሚሞትም ዋስትና አልሰጥሽም። አሮጌውን ከተውሽልኝ ደግሞ ሦስት መቶ ብር እቀንስልሻለሁ፤ ለመለዋወጫ ይሆነኛል።»

ሙሚና ሁለቱን አገላብጣ አየቻቸው። አዲሱ ቀላል፣ ጥቁር፣ ጭረት የሌለበት ነው። ያገለገለው ከባድ ነው፤ የተለጠፈበት ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ የማታውቀው ሰው ስልክ ቁጥር አለ። አዲሱን ብታስገባ ሁሉም ነገር በአንድ ሰዓት ያልቃል። ገዛኸኝ ይከፍተዋል፤ ላፕቶፑ ከድሮው ይፈጥናል፤ ባዶ መሆኑን ያያል። «አምስት ወር መሬት ውስጥ የከረመ ዕቃ ነው ጋሼ፤ ጠፍቶ ይሆናል» ብትለው ያምናታል። ገዛኸኝ የሰው ቃል የሚያምን ሰው ነው። የሚያስፈራትም ይኸው ነበር።

«እስቲ አሮጌውን አውጣው» አለችው።

ፈንታው በካቻቢቴው ብሎኖቹን ፈትቶ የሞተውን ዲስክ መዞ አወጣ። ገልብጦ አየው፤ ከዚያ ወደ መብራቱ አስጠጋው። ጨዋታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። አረንጓዴዋን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ከዲስኩ ላይ ነቅሎ ጀርባዋን አሳያት። መዳብ መሆን የነበረባቸው ነጠብጣቦች እሳት እንደላሳቸው ጠቁረዋል።

«ይሄን የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

«እህል ጉድጓድ ውስጥ። ማሽላ መሐል።»

«የነቀዝ መድኃኒት ነበረበት?»

ሙሚና በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። «ባለፈው ከዋጃ አንድ እህል ነጋዴ ካልኩሌተሩንና ሚዛኑን አምጥቶልኝ ነበር» አለ ፈንታው። «መዳቡ ልክ እንዲህ ሆኖ ነበር። ከዚያ ክኒን የሚወጣው ጋዝ ነቀዙን ይገድላል፣ መዳብ ካገኘ ደግሞ መዳቡን ይበላል። አንድ ጊዜ ከጀመረው በኋላ ዓመትም ቢፈጅበት መብላቱን አይተውም። ይሄ ዲስክ የሞተው አሁን አይደለም፤ ያኔ ነው የታመመው።»

መድኃኒቱን ማን እንደጣለው ሙሚና ታውቃለች። ያን ቀን ፋኖሱን ይዛ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመችው እሷ ናት። ወደ ውስጥ የወረደው እንድሪስ ነበር፤ ላፕቶፑን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ ማሽላው መሐል ካስተኛው በኋላ ከኪሱ ክኒኖቹን አውጥቶ ዙሪያውን በተነ። ለማሽላው ከሚደረገው እጥፍ አደረገ። «የጋሼን ዕቃ ነቀዝ እንዳይነካው!» ብሎ ከታች ሲጮህ ዓሊማ ከላይ ሆና መረቀችው። ነቀዝ ብረት እንደማይበላ ለማሰብ በዚያን ሰዓት ጊዜ የነበረው ሰው የለም። አሁን ሙሚና መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ መሸሸግ አያስፈልግም። የገደልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሱ ነው። ዛሬ ማዕድ ላይ፣ በገዛኸኝ ፊት፣ እንዴት አድርጋ እንደምታወጣው ሁሉ ታያት። ቀጥሎ እናቷ እዚያ ቁርበት ላይ ተኝታ ትዝ አለቻት። ደስታው እንደ ጎመዘዘ ወተት ሆነባት።

«ተስፋ የለውም?» አለች።

ፈንታው ከእስክሪብቶዎቹ መሐል የተማሪ ላጲስ ፈልጎ አወጣ። «የጠቆረውን በዚህ እፍቀዋለሁ። ከነቃ ነቃ ነው። ግን ልንገርሽ፣ የሚነቃው አንድ ጊዜ ቢሆን ነው። እየከፈትን፣ እየፈለግን፣ ይሄን ውሰድ ያን ተው ስንል እጃችን ላይ ይሞታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዳለ መገልበጥ ነው ያለብን። ይሄ ሦስት መቶ ሃያ ጊጋ ነው፤ አዲሱ አይበቃውም።»

«ያገለገለውስ?»

«እሱ ይበቃዋል። አራት ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ትልቅ ከፈለግሽ ከደሴ እስኪመጣ ሁለት ቀን ነው።»

ሁለት ቀን የላትም። ሁለት ሺህ ብር ቆጥራ ሰጠችው። «አሮጌውም ከእኔ ጋር ይሄዳል» አለች። ፈንታው ቀና ብሎ አያትና ላጲሱን አነሳ።

ዲስኩ በሦስተኛው ሙከራ ነቃ። አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በፈንታው ላፕቶፕ ገጽ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ወደ ቀኝ መንቀሳቀስ ጀመረ። ሙሚና በርጩማ ላይ ተቀምጣ ያን መስመር ስታይ ዋለች። ደንበኛ ይመጣል፤ የስልክ መስታወት ያስቀይራል፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ ያወራል፤ ይሄዳል። መስመሩ አንዳንዴ ይቆማል፤ ሲቆም የእሷም ትንፋሽ ይቆማል። የመቅደስ ምርቃት ድግስ ትዝ አላት። ኤልሳቤጥ ለሙስሊም ጎረቤቶቿ ለብቻ ሙክት በሙስሊሙ አራጅ በሙህሲን አሳርዳ፣ ለብቻ ድስት አስጥዳ ነበር። ዓሊማ ደግሞ ሰው ሲበዛ ዓይን አፋር ናትና ጓዳ ገብታ ሳህን ማጠብ ይዛ፣ ኤልሳቤጥ ግቢውን እየዞረች ስትጣራት የነበረው እስከ ዛሬ በሙሚና ጆሮ ላይ አለ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ጮኸ። «ጎብዬ ደርሻለሁ» አለ ገዛኸኝ። «የድሮ ተማሪዬ ይዞኛል፤ ምሳ ካልበላህ ብሎ። ከዚያ እመጣለሁ።» መስመሩ ሃምሳ አራት በመቶ ላይ ነበር።

ሰባት ሰዓት ላይ እንድሪስ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባ። ያገለገለውን ዲስክ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «አራት ሺህ ብር የሰጠሁሽ ለዚህ ቆሻሻ ነው? አዲሱን አስገቢና ተነሺ! ሰውዬው ሊገባ ነው፣ አንች እዚህ ተጎልተሽ...»

«ለእማ ጠዋት የነገርካትን ሰምቻለሁ» አለች ሙሚና።

 ሙሚና የጠቆረውን ሰሌዳ ከነዲስኩ ልታሳየው አልቻለችም፤ እየሠራ ነው። በጣቷ ብቻ አመለከተችው። «የበላው የነቀዝ መድኃኒት ነው። ፈንታውን ጠይቀው።» ፈንታው ያለ ጨዋታ፣ በአጭሩ፣ ለእሷ ያለውን ደገመለት። እንድሪስ እየሰማ ኪሱን ይዳብሳል፤ ክኒኖቹ አሁንም እዚያ ያሉ ይመስል። «ወላሂ እኔ...» ብሎ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ማራገቢያው ቆመ። የሰፈሩ መብራት ሄደ።

ፈንታው ተሳደበ። «የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ አሥር ደቂቃ አይቆይም። የባትሪን ኃይል ወደ መብራት የሚለውጥ ኢንቨርተር አለኝ፣ የራሱ ባትሪ ግን ሞቷል።» መስመሩ ስልሳ አንድ ላይ ነው። ሙሚና ወንድሟን አየችው፤ ቀጥሎ በሩ ላይ የቆመውን ባጃጅ።

«ባትሪህን ፍታ» አለችው።

«የቀን ሥራዬን? ደንበኛ ሮቢት ይጠብቀኛል እኮ!»

ሙሚና መስመሩን አመለከተችው።  እሱም መፍቻ ከፈንታው ጠረጴዛ ላይ አንስቶ ወጣና ወንበሩ ሥር አጎንብሶ መፍታት ጀመረ። ባትሪውን በሁለት እጁ አቅፎ ሲገባ የፈንታው ላፕቶፕ ቀይ መብራት እያበራ ነበር። ኢንቨርተሩ እንደ ንብ ጮኸ። መስመሩ ቆየት ብሎ ስልሳ ሁለት አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ሙሚና ከዚህ በፊት ከወንድሟ ጋር ያላሳለፈችው ዓይነት ነበር። ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ላብ በላብ ናቸው። የእንድሪስ ስልክ በየደቂቃው ይጮኻል፤ አያነሳም። ገዛኸኝ ሮቢት ደረስኩ ብሎ ደወለ። ሰማንያ ሦስት። እናቷ ደወለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «መጣ። ደጃፍ ላይ ነው። ምን ብዬ ዓይኑን ልየው?» ዘጠና አንድ። እንድሪስ መሬት መሬቱን እያየ «ትነግሪዋለሽ?» አለ። «ምኑን?» «የመድኃኒቱን።» ሙሚና መስመሩን ነበር የምታየው። «የእኔን እነግረዋለሁ» አለች። «የራስህን ራስህ ታውቃለህ።» በመጨረሻ አሮጌው ዲስክ ሁለት ጊዜ ቀጭ ብሎ ለዘለዓለም ዝም አለ። ዘጠና ስምንት ላይ ነው። «በቀረው ሁለት በመቶ ውስጥ ምን እንደነበረ እሱ አንዱ ይወቅ» አለ ፈንታው፤ ያገለገለውን ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ ገጥሞ ብሎኑን እያጠበቀ። ላፕቶፑ አስቦ አስቦ ተከፈተ። ፋይሉን ልፈልግልሽ ሲላት ሙሚና ክዳኑን ዘጋችው። ከዚህ በፊት ያለ ፈቃዱ ብዙ ከፍታዋለች።

ገዛኸኝን መደቡ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ከስቷል፤ ኮቱ የሌላ ሰው ይመስላል። ዓሊማ አጠገቡ የለችም። ሐዘንተኛ ከረዥም ጊዜ በኋላ በርህን ሲረግጥ አልቅሰህ እርምህን ማውጣት ወግ ነው፤ እሷ ግን «እንኳን ደህና መጣህ» ከማለት ሌላ እንባም ቃልም አልመጣላት ብሎ ጓዳ ገብታለች። የሳህን ድምፅ ይሰማል። ሙሚና የገዛኸኝን ጉልበት ሳመች፤ ላፕቶፑን አጠገቡ፣ የሞተውን ዲስክ ደግሞ ላዩ ላይ አስቀመጠችለት።

«ጋሼ፣ አደራህን ሳላስፈቅድህ ሠራሁበት። አራት ወር። የሰው ማመልከቻ ጻፍኩበት። ከዚያ ተበላሸ። ይሄ ያንተው ዲስክ ነው፣ ሞቷል። ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ የተረፈውን ገልብጠንበታል። እትዬ ኤልሳ ትኑርበት አትኑርበት አላውቅም።»

ገዛኸኝ ዲስኩን አንስቶ አገላበጠው። «ምን አገኘው?» አለ።

 ሙሚና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ምንጣፉን ታያለች። በጓዳ ያለው የሳህን ድምፅም ቆመ። እንድሪስ በሩ ላይ እንደቆመ፣ ቅባት የነካው እጁን ሱሪው ላይ እየጠረገ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «እኔ ነኝ ጋሼ። ጉድጓዱ ውስጥ የነቀዝ መድኃኒት በተንኩበት። ለማሽላው ከሚደረገው እጥፍ። እንዳይነካብህ ብዬ።»

ገዛኸኝ ቀና ብሎ አየው። ተቆጥቶ ይሁን ሊስቅ ሙሚና መለየት አልቻለችም። ከዚያ መነጽሩን አድርጎ ላፕቶፑን ከፈተ። እየዘገየ፣ እየቆመ ተከፈተለት። የምርቃት ማኅደሩን አገኘው። የመጀመሪያው ፎቶ አልከፈትም አለ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ግማሹ ግራጫ ሆኖ መጣ። ቪዲዮው አንድ ብቻ ነበር። ገዛኸኝ ጣቱን አስጠግቶ ተጫነው። ሥዕሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ተሰባብሮ ቆመ፤ የማንም ፊት አይለይም። ሙሚና ዓይኗን ጨፈነች።

ድምፁ ግን ሄደ። የሳህን ኳኳታ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የሰው ሳቅ፤ ከዚያ ሁሉ በላይ የአንዲት ሴት ጥሪ፣ የግቢውን ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ፣ ቁጣም ፍቅርም ያለበት።

«ዓሊማ! አንች ዓሊማ! ኧረ ነይ ወዲህ፣ ያንችው ድስት ለብቻው ይጠብቅሻል!»

«አቤት ኤልሳ! መጣሁ!» አለች ዓሊማ ከጓዳ፤ ሳታስበው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትመልስ በኖረችበት ድምፅ።

እጇን በቀሚሷ ጫፍ እያደረቀች የጓዳው በር ላይ ብቅ አለች። ሦስቱም ዞረው አዩአት። ዓሊማ ላፕቶፑን አየች፤ ገዛኸኝን አየች። ያኔ እንባዋ መጣ።